የተሰማ የመሰለ ቃል፦ የራዲዮ ግንኙነት ችግር በአየር በረራ ቁጥጥር ታሪክ

ነጭ ዓባይና ጥቁር ዓባይ ካርቱም ላይ እንደሚገናኙ የማያውቅ ተማሪ ጥቂት ነው። በዚያችው ከተማ መካከል የአይሮፕላን ጣቢያው ይገኛል። ከጣቢያው በስተሰሜን ምሥራቅ፣ ከእኛ ምድር የሚወርደውን ጥቁር ዓባይ ተሻግሮ፣ ሐጅ ዩሱፍ የሚባለው ሰፊ ሰፈር አለ። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ በድርቅና በጦርነት ከምዕራብና ከደቡብ የተፈናቀሉ ብዙ ሱዳናውያን ኑሯቸውን የመሠረቱት በዚህ ሰፈር ነው። የሐጅ ዩሱፍ ነዋሪ በሰላሙ ጊዜ ወደ ካርቱም የሚወርደውንና ከካርቱም የሚነሣውን አይሮፕላን የሞተር ድምፅ ይሰማ ነበር። የማይሰማው ሌላ ድምፅ ነበር፤ ይኸውም አብራሪው በምድር ካለው ተቆጣጣሪ ጋር በራዲዮ የሚያደርገው ንግግር ነው። የተሳፋሪውም ሆነ ከበታች ያለው የሰፈር ሰው ደኅንነት የቆመው በዚህ በማይሰማው ንግግር ላይ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የዚህን ንግግር ታሪክ፣ በተለይም ንግግሩ የተበላሸባቸውን ጊዜያት ለማቅረብ እንሞክራለን። የራዲዮ ግንኙነት ችግር ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው የመሣሪያ መበላሸት ብቻ ነው። ነገሩን በታሪክ ስንመረምረው ግን ከአደጋዎች ሁሉ የከፋው የደረሰው ራዲዮው እየሠራ፣ ቃሉ ተልኮ፣ የተሰማም መስሎ ሳለ ነው። ሥራችን መናገርና መሰማት ለሆነው ለእኛ ለመምህራን ደግሞ ይህ ታሪክ ከሰማይ ይልቅ ለምድር የሚቀርብ ትምህርት አለው ብለን እናምናለን።

ከባንዲራ እስከ ራዲዮ

በበረራ መጀመሪያ ዘመን አብራሪና ምድር የሚግባቡት በባንዲራ፣ በመብራትና በእጅ ምልክት ነበር። አብራሪው ከተነሣ በኋላ እስኪያርፍ ድረስ ብቻውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1920 ለንደን አጠገብ በሚገኘው በክሮይደን የአይሮፕላን ጣቢያ የመቆጣጠሪያ ማማ ተሠርቶ ከአብራሪዎች ጋር በራዲዮ መነጋገር ተጀመረ። በ1923 ገደማም የጣቢያው የራዲዮ ሹም የነበረው ፍሬድሪክ ስታንሊ ሞክፎርድ በጭንቅ ጊዜ የሚጠራ አንድ ቃል እንዲያስብ ተጠየቀ። በዚያን ጊዜ አብዛኛው በረራ በክሮይደንና በፓሪሱ በለ ቡርዤ መካከል ስለ ነበር፣ እንግሊዛዊውም ፈረንሳዊውም የሚለየውን ቃል ፈለገ። «እርዱኝ» ከሚለው የፈረንሳይኛ አነጋገር ጋር የሚቀራረበውን «ሜይዴይ» መረጠ። ቃሉ ዛሬም በዓለም ሁሉ የጭንቅ ጥሪ ነው፤ ሦስት ጊዜ ተደጋግሞ ይጠራል። እንግዲህ ራዲዮ ገና በሕፃንነቱ ያስነሣው ጥያቄ «ምን እንናገር?» የሚል ብቻ አልነበረም፤ «ሰሚው ምን ይሰማል?» የሚልም ነበር።

ካርቱም ወደዚህ ታሪክ የገባችው ቀደም ብላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1931 የእንግሊዙ ኢምፔሪያል ኤርዌይስ ከለንደን ወደ ምሥራቅ አፍሪካ መስመር ሲከፍት፣ በ1932 ደግሞ መስመሩን እስከ ኬፕታውን ሲያደርስ፣ ካርቱም ከዋና ዋና ማረፊያዎች አንዷ ሆነች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ ከ1940 ጀምሮ፣ ከወርቅ ጠረፍ ወደብ ከታኮራዲ እየተነሡ በካርቱም በኩል ወደ ካይሮ የሚሻገሩ የጦር አይሮፕላኖች በዚሁ መንገድ አለፉ። ባለ አንድ መቀመጫዎቹ ተዋጊ አይሮፕላኖች መንገድ የሚያውቅ አንድ ትልቅ አይሮፕላን ከፊት እየመራቸው እንደ ቅፍለት ይጓዙ ነበር። ከምድር የሚመራ ድምፅ በሌለበት በረሃ መሪውን ከዓይን ማጣት መንገድን ማጣት ነበር።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የመጀመሪያው አይሮፕላን አዲስ አበባ ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። ኢትዮጵያ ኅዳር 28 ቀን 1937 ዓ.ም. በቺካጎ የተፈረመውን የዓለም አቀፍ ሲቪል አቪዬሽን ስምምነት ከፈረሙት አገሮች አንዷ ናት። የኢትዮጵያ አየር መንገድም የመጀመሪያ በረራውን መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። ከዚህ በኋላ በሰሜን ምዕራብ ያለው ሰማይ የጎረቤት ሰማይ ብቻ ሳይሆን የዕለት መንገዳችን ሆነ።

የሞገድ ጠባይ

ችግሩን ለመረዳት በመጀመሪያ የሞገዱን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ተቆጣጣሪዎችና አብራሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚነጋገሩት ከ118 እስከ 137 ሜጋ ኸርትዝ ባለው ሞገድ ነው። ይህ ሞገድ ድምፁ ጥርት ያለ ነው፤ ግን እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ተራራና የምድር ክብነት ያግዱታል። በ37,000 ጫማ፣ ማለትም ከ11 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፣ የሚበር አይሮፕላን ከአንድ የምድር አንቴና ጋር ሊነጋገር የሚችለው በግምት እስከ 430 ኪሎ ሜትር ርቀት ነው። ከካርቱም እስከ አዲስ አበባ ቀጥታ መስመሩ ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር ነው። ስለዚህ በሁለቱ ጫፎች ብቻ አንቴና ቢተከል፣ የተራሮችን ነገር ትተን እንኳ፣ በመካከሉ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ድምፅ የማይደርስበት ሰማይ ይቀራል። አይሮፕላን ይህን ርቀት ለመሻገር አሥር ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። ክፍተቱ የሚሞላው በመካከል ተቀባብለው የሚያስተላልፉ ጣቢያዎችን በመትከል ነው።

ሁለተኛው አጭር ሞገድ ነው። ይህ ሞገድ በላይኛው አየር ካለው አዮኖስፌር ከተባለው ክፍል እየነጠረ ሺህ ኪሎ ሜትሮችን ያቋርጣል። ሰፊ በረሃና ውቅያኖስ የሚሻገሩ አይሮፕላኖች ለረጅም ዘመን የተማመኑት በዚህ ነው። ነገር ግን ነጣሪው ንብርብር በቀንና በሌሊት ስለሚለዋወጥ፣ በቀን የሠራው ሞገድ በሌሊት ላይሠራ ይችላል። የክረምት መብረቅ ሲጨመርበት ድምፁ በጫጫታ ይዋጣል። አጭር ሞገድ የውጭ አገር ጣቢያ ለመስማት መርፌ እያዞረ ያመሸ ሰው ይህን ጠባይ በሚገባ ያውቀዋል።

በሁለቱም ዓይነት አንድ የጋራ ችግር አለ። በአንድ ሞገድ ላይ በአንድ ጊዜ ሊናገር የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነው። የሚናገረው ሰው ቁልፉን ተጭኖ ሳለ አይሰማም። ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ቢናገሩ ለሦስተኛው የሚደርሰው ፉጨት ወይም የተቆራረጠ ቃል ነው። የአንዱ አይሮፕላን የመናገሪያ ቁልፍ ተጣብቆ ቢቀር ደግሞ በዚያ ሞገድ ያለው ሁሉ አፉ እንደ ተለጐመ ይቆጠራል።

ከባድ ዋጋ የተከፈለባቸው ትምህርቶች

ይህ በአንድ ጊዜ የመናገር ችግር በሲቪል አቪዬሽን ታሪክ ከሁሉ የከፋውን ግጭት አስከትሏል። መጋቢት 18 ቀን 1969 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1977) በካናሪ ደሴቶች በምትገኘው በቴኔሪፍ፣ አንዱ የሆላንድ አንዱ የአሜሪካ የሆኑ ሁለት ቦይንግ 747 አይሮፕላኖች በአንድ መንደርደሪያ ላይ ነበሩ። ወደዚያ የመጡት ሊያርፉበት በነበረው ጣቢያ ቦምብ ስለ ፈነዳ ነው። ጉሙ ከባድ ነበር፤ ማማው አይሮፕላኖቹን፣ አይሮፕላኖቹም እርስ በርሳቸው አይተያዩም። የሆላንዱ አይሮፕላን ከተነሣ በኋላ የሚከተለው የጉዞ መስመር ተነገረው፤ የመነሻ ፈቃድ ግን ገና አልተሰጠውም። አብራሪዎቹ መልሰው ሲናገሩ ሊነሡ መሆናቸውን የሚገልጽ አሻሚ ቃል ጨመሩ። ተቆጣጣሪው «እሺ» አለ፤ ቀጥሎም እንዲጠብቁ ተናገረ። በዚያችው ቅጽበት የአሜሪካው አይሮፕላን ገና መንደርደሪያው ላይ መሆኑን አስታወቀ። ሁለቱ ንግግሮች ተደራርበው በሆላንዱ አይሮፕላን ውስጥ ጎልቶ የተሰማው «እሺ» የምትለዋ ቃልና ፉጨት ሆነ። የበረራ መሐንዲሱ የአሜሪካው አይሮፕላን መንደርደሪያውን አልለቀቀ እንደሆነ ጠየቀ፤ ዋናው አብራሪ ግን እንደ ለቀቀ አረጋግጦ ጉዞውን ቀጠለ። 583 ሰዎች ሞቱ።

ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በዚያ ቀን የተበላሸ ራዲዮ አልነበረም። የጎደለው የቃል ጥራትና የመልስ ሙሉነት ነው፤ ከእነዚህም ጋር የበታች ሠራተኛ ጥያቄ ተገቢውን ክብደት አላገኘም። ከዚህ በኋላ «መነሣት» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ለመነሣት ፈቃድ ሲሰጥ ወይም ሲሰረዝ ብቻ እንዲነገር ተደረገ። ዋና ዋና ትእዛዞች በ«እሺ» የሚታለፉ ሳይሆኑ ቃል በቃል ተመልሰው የሚነገሩ ሆኑ። በየአይሮፕላኑ ውስጥም የበታቹ የበላዩን እንዲጠይቅ፣ የበላዩም እንዲያዳምጥ የሚያሠለጥን ትምህርት ተስፋፋ።

ሁለተኛው ትምህርት ከቃል ምርጫ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 25 ቀን 1990 ከኮሎምቢያ ወደ ኒው ዮርክ የተጓዘ አይሮፕላን በአየር ጠባይ ምክንያት ለረጅም ጊዜ ሰማይ ላይ እንዲጠብቅ ተደረገ። ነዳጁ ማለቅ ሲጀምር አብራሪዎቹ ቅድሚያ እንደሚፈልጉና ነዳጃቸው እየተሟጠጠ መሆኑን ተናገሩ። የጭንቅ ጊዜ መሆኑን የሚያስታውቀውን የታወቀ ቃል ግን አልተጠቀሙም። ተቆጣጣሪዎቹም ነገሩን እንደ ተራ አቤቱታ ቈጠሩት። አይሮፕላኑ ነዳጅ ጨርሶ ወደቀ፤ 73 ሰዎች ሞቱ። ሦስተኛው ደግሞ ኅዳር 3 ቀን 1989 ዓ.ም. በሕንድ፣ ከዴልሂ በስተምዕራብ የደረሰው ነው። 15,000 ጫማ ላይ እንዲቆይ የተነገረው የካዛኽስታን አይሮፕላን ከተፈቀደለት ከፍታ ወርዶ፣ 14,000 ጫማ ላይ ከነበረ የሳዑዲ አይሮፕላን ጋር ተጋጨና 349 ሰዎች ሞቱ። በካዛኹ አይሮፕላን ከምድር ጋር የሚነጋገረው የራዲዮ ሠራተኛው ነበር፤ የመሪው እጅና የቋንቋው ጆሮ በተለያዩ ሰዎች ላይ ነበሩ።

ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ለእንዲህ ያለው ችግር መፍትሔ መፈለግ የጀመረው ቀደም ብሎ ነው። እያንዳንዱን የላቲን ፊደል በአንድ ሙሉ ቃል የሚጠራው «አልፋ፣ ብራቮ፣ ቻርሊ» የተባለው የፊደል አጠራር እ.ኤ.አ. በ1956 በሥራ ላይ ዋለ። ስሙን በስልክ ሲናገር «ሀሌታው ሀ፣ ንጉሡ ሠ» እያለ የሚያስረዳ ኢትዮጵያዊ የዚህን ጥቅም ለመገንዘብ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። በ2003 ደግሞ በዓለም አቀፍ በረራ የሚሠሩ አብራሪዎችና ተቆጣጣሪዎች የእንግሊዝኛ ችሎታቸው ከስድስት ደረጃዎች ቢያንስ አራተኛውን ማሟላት እንዳለበት ተወሰነ።

በእኛ ሰማይ

አፍሪካም የራሷን ዋጋ ከፍላለች። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 13 ቀን 1997 ከናሚቢያ ጠረፍ ራቅ ብሎ አንድ የጀርመንና አንድ የአሜሪካ የጦር ኃይል የመጓጓዣ አይሮፕላኖች ተጋጭተው 33 ሰዎች ሞቱ። የጀርመኑ አይሮፕላን ለአቅጣጫው በማይገባ ከፍታ ይበር ነበር፤ የዊንድሁክ ተቆጣጣሪዎች ግን መምጣቱን አልተነገሩም። እዚህ የጎደለው የአብራሪና የተቆጣጣሪ ንግግር ብቻ አይደለም፤ ተቆጣጣሪ ከጎረቤት አገር ተቆጣጣሪ ጋር የሚያደርገው ንግግርም ነው።

ወደ ካርቱም ሰማይ ስንመለስ በቅርብ ዘመን የደረሱ ሦስት ነገሮች ሦስት ዓይነት ዝምታ ያሳዩናል።

የመጀመሪያው ሆን ተብሎ የሚደረግ ዝምታ ነው። የካቲት 10 ቀን 2006 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ሮም ይጓዝ የነበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 702፣ ከካርቱም በስተሰሜን ሲደርስ 7500 የሚለውን ቁጥር ለራዳር መላክ ጀመረ። አይሮፕላኖች ያለ ድምፅ የሚናገሩባቸው ሦስት የታወቁ ቁጥሮች አሉ፦ 7500 ጠለፋ፣ 7600 የራዲዮ መበላሸት፣ 7700 የጭንቅ ጊዜ ነው። የጠለፈው ረዳት አብራሪው ራሱ ነበር፤ ዋናው አብራሪ ከክፍሉ ሲወጣ በሩን ቆለፈበት። 202 ሰዎች የያዘው አይሮፕላን ጄኔቭ ላይ በደኅና አረፈ። ድምፅ በማይገኝበት ጊዜ እንኳ ሌላ የመናገሪያ መንገድ አስቀድሞ መዘጋጀት እንዳለበት ይህ ምስክር ነው። ራዲዮው የተበላሸበት አይሮፕላን ወደ ጣቢያ ሲቀርብም ማማው በመብራት ያናግረዋል፤ የማይቋረጥ አረንጓዴ «እረፍ» ማለት ነው፤ የማይቋረጥ ቀይ «ለሌላው መንገድ ስጥ፤ መዞርህን ቀጥል» ማለት ነው።

ሁለተኛው የድካም ዝምታ ነው። ነሐሴ 9 ቀን 2014 ዓ.ም. ከካርቱም ወደ አዲስ አበባ የመጣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 343 መውረድ መጀመር በሚገባው ቦታ ሳይወርድ ቀረ። ተቆጣጣሪዎች ደጋግመው ጠሩት፤ መልስ የለም። አይሮፕላኑ በ37,000 ጫማ እንዳለ በቦሌ መንደርደሪያ አናት ላይ አለፈ። የአቪዬሽን ዜና ምንጮች እንደ ዘገቡት አብራሪዎቹ እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር። የቀሰቀሳቸው ራሱን በራሱ የሚያበረው መሣሪያ ሲለቅ የጮኸው ማስጠንቀቂያ ነው። ዞረው ከ25 ደቂቃ ገደማ በኋላ በደኅና አረፉ። አየር መንገዱ ከአዲስ አበባ ተቆጣጣሪዎች ጋር ለጊዜው ግንኙነት ተቋርጦ እንደ ነበር ገልጾ፣ ምርመራው እስኪጠናቀቅ ድረስ አብራሪዎቹን ከሥራ አገደ። ሞገዱ ደርሷል፤ ራዲዮው ሠርቷል፤ ተቆጣጣሪውም ሥራውን ሠርቷል። ያልተገኘው የሚሰማ ሰው ነው። የሰውን ድካም የማይቈጥር የበረራ ፕሮግራም ቢኖር፣ ምንም ያህል ጥሩ አንቴና ቢተከል አያድነውም።

ሦስተኛው የጦርነት ዝምታ ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲነሣ የአይሮፕላን ጣቢያው ከመጀመሪያዎቹ የውጊያ ቦታዎች አንዱ ሆነ። ወደ ሪያድ ለመነሣት የተዘጋጀ የሳዑዲ አየር መንገድ አይሮፕላን ተመታ። ሰማዩ ለሲቪል በረራ ተዘጋ። ደቡብ ሱዳን እ.ኤ.አ. በ2011 ነፃ ከወጣች በኋላም ከፍተኛው ሰማይዋ የሚመራው ከካርቱም ስለ ነበር፣ የካርቱም ዝም ማለት ከሱዳን ድንበር አልፎ ተሰማ። እንዲህ ባለው ተቆጣጣሪ በሌለበት የአፍሪካ ሰማይ አብራሪዎች 126.9 ሜጋ ኸርትዝ በሚባለው የጋራ ሞገድ ላይ የት እንዳሉ፣ በምን ከፍታ እንደሚበሩና ወዴት እንደሚሄዱ እርስ በርሳቸው ያስታውቃሉ። ለብዙ ዓመታት የመንገደኛ አይሮፕላን ድምፅ የለመደው የሐጅ ዩሱፍ ሰውም ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰማው የጦር አይሮፕላንና የመድፍ ድምፅ ነው።

ከነዚህ ሌላ ከዝምታ የማይሻል አራተኛ ነገር አለ፤ ይኸውም የሁለት አዛዦች ድምፅ ነው። ኢትዮጵያና ሶማሌላንድ በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. የመግባቢያ ሰነድ ከተፈራረሙ በኋላ፣ በዚያ ሰማይ የሚያልፉ አብራሪዎች ከሞቃዲሾና ከሐርጌሳ የሚጋጩ ትእዛዞች እንደሚሰሙ ተዘገበ። የካቲት 16 ቀን 2016 ዓ.ም. አንድ የኢትዮጵያና አንድ የካታር አይሮፕላን በዚያ ሰማይ እጅግ ተቀራረቡ። ሐርጌሳና ሞቃዲሾ አንዱ ሌላውን ወቀሰ። አይሮፕላኖቹ ሳይጋጩ ተላለፉ፤ የእረኛው ብዛት ግን ለበጉ ጥበቃ እንዳልሆነ ሁሉም አየ።

ለክፍላችን የሚተርፈው

ይህን ታሪክ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በብዙ መንገድ ልንጠቀምበት እንችላለን። የፊዚክስ መምህር በአይሮፕላኑ ከፍታና በምድር ሬዲየስ ተማሪዎቹ የአድማሱን ርቀት ራሳቸው እንዲያሰሉ ሊያደርግ ይችላል። ቀጥታ መስመሩ ብቻ ቢቈጠር ወደ 380 ኪሎ ሜትር ያገኛሉ፤ 430 የሚሆነው ሞገዱ በአየሩ ውስጥ ጥቂት ስለሚጐብጥ ነው። የጂኦግራፊ መምህር በካርቱምና በአዲስ አበባ ዙሪያ በዚህ ሬዲየስ ክብ አስነሥቶ የማይሸፈነውን ቦታ በካርታ ላይ ያሳያል። የታሪክ መምህር ደግሞ እያንዳንዱ ደንብ የትኛው ጥፋት እንደ ወለደው ያስጠናል። ደንብ ከሰማይ የወረደ ሳይሆን ሰዎች ከከፈሉት ዋጋ የተገኘ መሆኑን ተማሪ የሚረዳው እንዲህ ባለው ምሳሌ ነው።

ለመምህሩ ለራሱ ግን የሚበልጠው ትምህርት መልሶ የመናገር ሥርዓት ነው። «ካፍ ከወጣ አፋፍ» ይባላል፤ ቃል ወጣ ማለት ግን ደረሰ ማለት አይደለም። «ገባችሁ?» ብሎ ጠይቆ ስድሳ ድምፅ በአንድነት «አዎን!» ሲል የሚሰማ መምህር የቴኔሪፉን «እሺ» እንደ ሰማ ይቈጠራል። ስድሳው ድምፅ ሲደራረብ፣ በኋላ መቀመጫ ያለው «አልገባኝም» የሚለው የአንዱ ልጅ ድምፅ ይዋጣል። ተቆጣጣሪ ግን «ገባህ?» ብሎ አይጠይቅም፤ የተናገረውን ከፍታ፣ አቅጣጫና የመንደርደሪያ ቁጥር አብራሪው በራሱ አፍ እንዲመልስለት ይጠብቃል። ስሕተት ከሰማ ወዲያው ያርማል፤ መልስ ካላገኘ ደግሞ እንደ ተሰማ ሳይቈጥር እንደገና ይጠራል።

ስለዚህ በየክፍለ ጊዜው መጨረሻ ሁለት ወይም ሦስት ተማሪዎች የትምህርቱን ፍሬ ነገር በራሳቸው ቃል መልሰው እንዲናገሩ ማድረግ የምናጣበት ጊዜ አይደለም። ከነዚህ አንዱ ሁልጊዜ ዝም ከሚሉት መካከል ቢሆን ይመረጣል። ዝም ያለ ተማሪ ያልሰማ፣ የደከመ ወይም የምንናገርበት ቋንቋ ያልደረሰው ሊሆን ይችላል። ከአብራሪው መልስ ያላገኘ ተቆጣጣሪ ሞገድ ለውጦ፣ በሌላ አይሮፕላን በኩል አስልኮ፣ በመጨረሻም በመብራት ምልክት ሰጥቶ ይሞክራል። መልስ ያልሰጠንን ልጅ በሌላ ቃል፣ በጓደኛው በኩል፣ በሥዕል ወይም በሙከራ ደጋግሞ መጥራትም የመምህር ሥራ ነው።